የወፍጮ ሞተር አልዞር ሲል

አዝመራ ከገባ በኋላ በገጠር ወፍጮ ቤት ወረፋ ይበዛል። አንዱ ጤፉን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ አንዷ ገብሷን በጀርባዋ አዝላ ትደርሳለች። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን አንዳንድ ቀን፣ "ዛሬ ወፍጮ የለም፤ ሞተሩ ተበላሽቷል" ይባላሉ። ይህን ቃል ሰምቶ የማያውቅ የገጠር ነዋሪ አለ ብለን አናምንም። ወፍጮ የለም የተባለች እናት ወይ ሸክሟን እንደያዘች ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ወይ ወደ ቤቷ ተመልሳ ሌሊቱን ድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሳ መጅ ስትገፋ ታድራለች። ስለዚህ የሞተር ነገር የኦፕሬተሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሰው ታመመ ሲባል "ምኑን አመመው?" ብለን እንጠይቃለን። ራሱን ይሆናል፣ ሆዱን ይሆናል፣ እግሩን ይሆናል። ሞተር ተበላሸ ሲባል ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወዲያው ገንዘብ ይዋጣና አንድ ዕቃ ይገዛል። ያ ካልሠራ ሌላ ይገዛል። እኛ ለብዙ ዓመታት በየወፍጮ ቤቱ እየዞርን ሞተር ስንጠግን ያየነው ይህንን ነው። በዚህ ምንባብ ከሞተር በሽታዎች አንዱን ብቻ እንመለከታለን። ይኸውም ሞተሩ በደንብ አልዞር ሲል ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው።

አለመዞርና አለመነሣት

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሞተር "አልነሣም አለ" ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጨርሶ አይዞርም፤ ወይም እያቃሰተ ግማሽ ዙር ይሄድና ይቆማል። ሌላው ደግሞ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ነገር ግን አይነሣም። ይህ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የናፍጣ ችግር ነው። ናፍጣው አልቆ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ፣ ወይም በናፍጣው ቱቦ ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል። የሱን ነገር እዚህ አናነሣም። የኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ነው።

"ታዲያ ትንሽም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ ይነሣ የለም ወይ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አይነሣም። ለምን እንደማይነሣ ለመረዳት የናፍጣ ሞተር አሠራርን በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ አለው። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ በተባለች ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ያለ ብልጭታ የሚሠራ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው። ሲሊንደር በሚባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ያምቀዋል። አየሩ ከነበረበት ስፋት ወደ አሥራ ስድስተኛ፣ በአንዳንዱ ሞተር ወደ ሃያኛ እጅ ይጨመቃል። አየር ደግሞ ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ ነፍታችሁ ከሆነ የመንፊያው ጫፍ እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ፤ ነገሩ ያው ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ናፍጣው እንደ ጉም ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ አየሩ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ያመልጣል። የቀረውም ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ብረት ይሰጣል። ናፍጣው ቢረጭም አይቀጣጠልም። ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ወፍጮ ቤት የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የጥር ውርጭ ሲጨመርበት የሞተሩ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ የባትሪውም ጉልበት ይቀንሳል። ማታ ደህና የነበረ ሞተር ጠዋት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

በባትሪ የሚነሡ ሞተሮች ሞተሪኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በጎናቸው አላቸው። ቁልፉ ሲጫን ከባትሪው ብዙ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ወደ ፊት ወጥቶ የሞተሩን ከባድ መዘውር ጥርሶች ይነክሳል፤ ነክሶም ያዞረዋል። ታዲያ ይህ አልሆን ሲል መፍቻ ከማንሣት በፊት ጆሮ መስጠት ይሻላል። አንድ ሰው ቁልፉን ይጫን፤ ሌላው ቆሞ ያዳምጥ።

ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ጭራሹን አልተነሣም ማለት ነው። ገመድ ተፈቷል፣ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይም ባትሪው ፈጽሞ ሞቷል።

"ቀጭ" ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ካለ፣ ሞተሪኖው ላይ ያለው ማገናኛ ትእዛዙን ሰምቷል፤ ነገር ግን ትልቁ ኤሌክትሪክ አላለፈም። የሞተሪኖው ካርቦን አልቆም ሊሆን ይችላል። "ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ" እያለ በፍጥነት ከደጋገመ ግን ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል።

ሞተሪኖው ብቻውን "ዥዥዥ" እያለ መዘውሩ ካልተንቀሳቀሰ የሞተሪኖው ጥርስ አልነከሰም። ይህ በቀላሉ የሚለይ ነው።

እያቃሰተ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ወይ ኤሌክትሪኩ በበቂ ሁኔታ አይደርስም፣ ወይ ሞተሩን አንድ ነገር ይዞታል። ሰውን በብዛት የሚያሳስተውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይኼኛው ነው። ቀጥሎ የምንተርከውም የዚሁ ነው።

የመጨረሻው ድምፅ "ድም!" የሚለው ነው። ሞተሩ ትንሽ ዞሮ ግንብ እንደ መታ ሰው ቀጥ ይላል። ይህንን የሰማ ሰው ቁልፉን ደግሞ መጫን የለበትም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአንድ ወፍጮ ቤት የሆነው

በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ገደማ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ወደሚገኝ አንድ የማኅበር ወፍጮ ቤት ተጠርተን ሄድን። ስንደርስ የወፍጮው ኦፕሬተር ቀኝ እጁ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ምን ሆንክ ወንድማችን?" አልነው።

"ማዞሪያው መታኝ" አለ። "ባትሪው እምቢ ሲል በእጄ ላስነሣ ብዬ ነው።"

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጉዳዩን አስረዱን። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል። አዲስ ባትሪ ተገዛለት፤ አልዳነም። ሞተሪኖው ተፈትቶ ከተማ ሄደና ካርቦኑ ተቀይሮ መጣ፤ አልዳነም። "እንግዲህ የቀረው የሞተሩ ሆድ ነው። ከየቤቱ 100 ብር ተዋጥቶ ሞተሩ ሊከፈት ነው" አሉን። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ሌላው ወፍጮ ደርሶ መልስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሴቶቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህንን ሲመላለሱ ከርመዋል። አቅም የሌላቸው አሮጊቶች በድንጋይ ይፈጫሉ።

እኛም ድምፁን አዳመጥን። እንደተባለው ያቃስታል። ባትሪው አዲስ ነው፤ ሞተሪኖው ታድሷል፤ ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ የያዘው ነገር አለ ብለን ደመደምን። የቴስታታውን ክዳን ከፈትን። የቫልቮቹን ክፍተት ለካን፤ ልክ ነው። ማስተንፈሻውን ከፍ አድርገን መዘውሩን በእጅ አዞርነው፤ እንደ ልቡ ዞረ። ዘይቱን አየን፤ ደህና ነው። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ስንባዝን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ከደጅ የቆሙት ሴቶች "ተሠራ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ "ገና ነው" እንላለን።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ሁላችንንም ሲያዩን ቆይተው፣ "ወንድሞቼ፣ ደብተሩን እኮ አላያችሁም" አሉን።

እውነትም አላየንም ነበር። እትዬ ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርደው፣ ዱቄቱን አራግፈው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ አነበቡልን።

"ጥር 8። ሞተሩና መቀመጫው ለበዓል ቀለም ተቀባ። ወፍጮ እስከ ጥር 12 ተዘጋ።
ጥር 13። ጠዋት አልዞር አለ።
ጥር 15። አዲስ ባትሪ ተገዛ። 4200 ብር። ያው ነው።
ጥር 17። በእጅ ሲዞር ኦፕሬተሩን እጁን ሰበረው።
ጥር 24። ሞተሪኖ ተጠግኖ መጣ። 1800 ብር። ያው ነው።"

"ከቀለሙ በፊት ጤነኛ ነበር" አሉ እትዬ። "የታመመው ከቀለሙ ወዲህ ነው።"

"ቀለም ደግሞ ሞተር ያሳምማል እንዴ እትዬ?" ብለው ሊቀ መንበሩ ሳቁ።

እኛ ግን እርስ በርስ ተያየን። ቀለም ሞተር ያሳምማል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ የማይመለስ ውሃ አይደለም። ከባትሪው የመደመር ምልክት ካለበት ራስ ተነሥቶ በወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። ሞተሪኖውን ካዞረ በኋላ በሞተሩ ብረት በኩል አልፎ የመቀነስ ምልክት ወዳለበት የባትሪው ራስ መመለስ አለበት። ከሞተሩ ብረት ወደ ባትሪው የሚመልሰው ገመድ የማሳ ገመድ ይባላል። ሰው ሁሉ መሄጃውን ገመድ ይመረምራል፤ መመለሻውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሞተሪኖ በሚያዞርበት ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያሳልፍ ገመድ ጫፉ ከንጹሕ ብረት ጋር ግጥም ብሎ መታሰር አለበት። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ቀለም ሲቀባ የማሳው ገመድ ተፈትቶ ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ በዚያው በቀለሙ ላይ መልሶ ታሰረ። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ሆነ። ሰፊ በር ተዘግቶ በመስኮት እንደ መግባት ነው። ስለዚህ አዲሱ ባትሪ ጉልበት እያለው፣ ሞተሪኖውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ያቃስታል።

ለማረጋገጥ አንድ የመኪና አምፑል ተበደርንና በሁለት ሽቦ አያያዝነው። አንዱን ሽቦ ከባትሪው የመቀነስ ራስ፣ ሌላውን ቀለም ካልነካው የሞተሩ ብረት ጋር አስነካን። ከዚያ ቁልፉ ተጫነ። የማሳው ገመድ ደህና ቢሆን ኖሮ አምፑሉ መብራት አልነበረበትም። በራ!

ቡሎኑን ፈታን፤ ሥሩን በቢላዋ ፍቀን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ አሸነው። የገመዱንም ጫፍ እንደዚሁ። አጥብቀን አሰርነው። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቁልፉ ሲጫን ሞተሩ በኃይል ተወርውሮ ዞረ፤ ዞረና አሁንም አቃስቶ ቆመ። ሰውም "ኧረ!" አለ፤ እኛም ደነገጥን።

"ቺንጋው! ቺንጋውን አልፈታችሁትም እኮ!" ብሎ ኦፕሬተሩ በደህናው እጁ ጠቆመ። ባለፉት ሙከራዎች ማን እንዳያያዘው ሳይታወቅ ቺንጋው ከወፍጮው ጋር እንደ ተያያዘ ነበር። የወፍጮው ድንጋዮች ደግሞ ተጠባብቀዋል፤ በመሐላቸውም ያልተፈጨ እህል ቀርቷል። ሞተሩ ራሱን ብቻ ሳይሆን ወፍጮውንም አብሮ እንዲያዞር እየጠየቅነው ኖሯል። ቺንጋው ወረደ፤ ማስተንፈሻው ከፍ አለ፤ ቁልፉ ተጫነ። ነጭ ጭስ ትፍ ትፍ አለና ተነሣ። ከደጅ እልልታ ተሰማ። ያን ቀን ወፍጮው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲፈጭ ዋለ።

4200 እና 1800 ሲደመር 6000 ብር ነው። ባትሪው አዲስ ስለሆነ ይጠቅማቸዋል፤ ጨርሶ ጠፋ አይባልም። አሮጌው ባትሪ ግን ኋላ ስንለካው ምንም አልነበረበትም። የኦፕሬተሩ እጅ ደግሞ በብር አይታሰብም። እኛም ብንሆን ሁለት ሰዓት በከንቱ አጥፍተናል። አዲስ የተገዛና በቅርቡ የተጠገነ ነገር ሁሉ ደህና ነው ብለን ከውድ ወደ ርካሽ ፈለግን፤ መፈለግ የነበረብን ግን ከርካሹ ተነሥተን ነው። ቡሎን ማጥበቅና ብረት መፋቅ ገንዘብ አያስወጣም።

በአምፑል መፈተሽ

የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ያለው ወፍጮ ቤት ጥቂት ነው። ባለ 12 ቮልት አምፑልና ሁለት ክንድ ሽቦ ግን የትም አይጠፋም። ባትሪው ባለ 24 ከሆነ አምፑሉም ባለ 24 ይሁን።

መጀመሪያ አምፑሉን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አስነኩ። ቦግ ብሎ መብራት አለበት። እንደ በራ ሌላ ሰው ቁልፉን ይጫን። አምፑሉ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ወይ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይ ሞተሩን ከባድ ነገር ይዞታል። አምፑሉ እምብዛም ሳይደበዝዝ ሞተሩ ካቃሰተ ግን ባትሪው ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ እኛ እንዳደረግነው የማሳውን ገመድ ፈትሹ። ቀጥሎም አንዱን ሽቦ የባትሪው የመደመር ራስ ላይ፣ ሌላውን ወፍራሙ ገመድ ሞተሪኖው ላይ ከሚታሰርበት ቡሎን ላይ አድርጉ። ቁልፉ ሲጫን ከበራ ጥፋቱ በመሄጃው ገመድ ላይ ነው።

አምፑል ከሌለ እጅ አለ። ሦስት አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ የገመዶቹን ጫፎች አንድ በአንድ በጥንቃቄ ዳስሱ። ከሌሎቹ ይልቅ የሞቀው እሱ በደንብ ያልተያያዘው ነው። ቁልፉን ግን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትጫኑ፤ በየመሐሉም አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። አለዚያ ጤነኛውን ሞተሪኖ ታቃጥላላችሁ።

መለኪያ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ያረፈ ባለ 12 ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊባል ይችላል።

የባትሪውን ገመድ ስትፈቱ የመቀነሱን ራስ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ስታስሩ ደግሞ እሱን መጨረሻ እሰሩ። መፍቻው በድንገት የሞተሩን ብረት ቢነካ እንኳ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጨለማ ነው ብሎ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። አሲዱ ቆዳ ከነካ ሳይውል ሳያድር ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

"ድም!" ብሎ ሲቆም

አሁን ወደዚያ ወደ ተውነው ድምፅ እንመለስ። አየር ይታመቃል ብለናል። ውሃ ግን አይታመቅም። ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ ሞተር የጭስ መውጫው ክዳን ከሌለው ዝናብ ይገባበታል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለም ማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይሾልካል። ከዚያ ፒስተኑ ሲወጣ ውሃውን ያገኘዋል፤ ማለፊያ ያጣል። "ትንሽ ይገፋ" ተብሎ በኃይል ከተጫነ ፒስተኑን የያዘው ብረት ይጎብጣል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የሞተሩ ሆድ በእውነት የሚከፈተው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ይፈታል። ከዚያ መዘውሩን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ውሃው በኖዝሉ ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ፊትን ከቀዳዳው ማራቅ ያስፈልጋል። ዘይቱንም አውጥታችሁ እዩ። መልኩ ወተት ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታልና ይቀየር። ውሃው በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ ግን ጓርኒሲዮኑ ነውና ባለሙያ ይጠራ።

ውሃ ሳይኖር በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እየጠነከረ የሚያስቸግር ከሆነ ማስተንፈሻውን ተመልከቱ። ማስተንፈሻ ማለት ቴስታታው ላይ ያለች ትንሽ እጀታ ናት። ከፍ ስትል አንዱን ቫልቭ ትንሽ ከፍታ ትይዘዋለች። አየሩ ስለማይታመቅ ሞተሩ ይቀልላል፤ ፍጥነት ሲያገኝ እጀታዋ ትለቀቃለች። ለብዙ ዓመት የሠራች እጀታ ትበላለች። ከፍ ያለች ትመስላለች እንጂ ቫልቩን አትነካውም።

መስኖ ላይ የሚሠሩት በገመድ የሚሳቡ ትናንሽ የቤንዚን ፓምፖችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። የነሱ ማስተንፈሻ ከውጭ አይታይም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በራሱ ቫልቩን በጥቂቱ ይከፍታል። አከፋፈቱ ከሚሊሜትር ያነሰ ነው። የቫልቩ ክፍተት ከልክ በላይ ከሰፋ ማስተንፈሻው አይደርስበትም፤ ገመዱም የሚስበውን ሰው እጅ መልሶ ይጎትታል። በውጭ አገር በባትሪ በሚነሡት የሣር ማጨጃ ሞተሮችም ላይ ይኸው በሽታ አለ። ባለቤቶቻቸው ባትሪና ሞተሪኖ ሲቀያይሩ ይኖራሉ፤ ጥፋቱ ግን የቫልቭ ክፍተት ነው። ክፍተቱ የሚለካው በስስ መለኪያ ብረት ሆኖ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስንት መሆን እንዳለበት ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

በእጅ ሲዞር

ኦፕሬተሩ እጁ የተሰበረው ለምንድን ነው? ማስተንፈሻውን ከፍ አድርጎ ማዞር ጀምሯል። መዘውሩ በቂ ፍጥነት ሳያገኝ ማስተንፈሻውን ቶሎ ለቀቀው። ናፍጣው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ተቀጣጠለና ሞተሩን ወደ ኋላ መለሰው፤ ብረቱም እጁን መታው። በዚያ ላይ አውራ ጣቱን ብረቱ ላይ አዙሮ ጨብጦ ስለ ነበር እጁን ማስለቀቅ አልቻለም።

ስለዚህ በእጅ የሚያዞር ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጎን ያድርግ እንጂ ብረቱን አይክበብበት። ማስተንፈሻውን ሌላ ሰው ቢይዝለት ይመረጣል። መዘውሩ በደንብ እስኪከንፍ ድረስ አይለቀቅ። ማዞሪያው የሚገባበት ዘንግ ግራሶ ይቀባ፤ ሞተሩ ሲነሣ ማዞሪያው በቀላሉ ተንሸራቶ እንዲወጣ ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ነጠላውን ያስቀምጥ። ሕፃናትም ከቺንጋው አጠገብ አይቁሙ። ሞተሩም በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ሽታው ባያስቸግር እንኳ ይገድላል።

ደብተሩ

ከዚያ ወዲያ በሄድንበት ወፍጮ ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው ደብተር ነው። በአብዛኛው የምናገኘው የገንዘብ ደብተር ብቻ ነው፤ ስንት ኩንታል እንደተፈጨና ስንት ብር እንደገባ ይጻፍበታል። የሞተሩ ነገር በኦፕሬተሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ኦፕሬተሩ ሲታመም ወይም ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

የእትዬ ደብተር አራት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለተኛው ምን ተነካ ይላል፤ ዘይት ተቀየረ፣ ቡሎን ተፈታ፣ ቀለም ተቀባ፣ ምንም ይሁን ምን ይጻፋል። ሦስተኛው ወጪ ነው። አራተኛው ከዚያ በኋላ ሞተሩ ምን ሆነ የሚል ነው። "ያው ነው" የሚሉት ሁለት ቃላት የተጻፉት እዚህ ዓምድ ላይ ነበር፤ እኛንም የረዱን እነሱ ናቸው። ባትሪው ተቀይሮ "ያው ነው" ከተባለ ባትሪው አልነበረም ማለት ነው።

ደብተሩ ከሞተሩ ራቅ ብሎ፣ ግን ኦፕሬተሩ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ይጻፍ።